የምራቅ ቴስቱ «ብራካ የለብሽም» ስላለ ማሞግራም አይቀርም

እህቶች፣ «ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ (በምራቅ ጂን የሚመረምረው የአሜሪካ ካምፓኒ) ምራቄን አይቶ ብራካ የለብሽም ስላለኝ የጡት ካንሰር አያሰጋኝም፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ምን ያደርግልኛል» የሚል ኮመንት እየተደጋገመ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ልክ አይደለም። ብራካ የሚሉት ሲበላሽ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጥ ጂን ነው፣ «የለብሽም» ሲሉም ብልሽቱ የለብሽም ማለታቸው ነው። የአሜሪካ የመድኃኒትና የምርመራ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በፈረንጆቹ 2018 ለዛ ቴስት የፈቀደው 3 የጂን ለውጦችን ብቻ እንዲያይ ነበር፣ እነሱም በብዛት ያሉት አሽከናዚ (ዘራቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የሆነ) አይሁዶች ላይ ነው፣ ብራካ 1 እና 2 ላይ ግን ለካንሰር የሚያጋልጡ ከሺህ በላይ ለውጦች ይታወቃሉ። በኋላ 44 አድርገውታል፣ ያም ቢሆን ጥቂት ነው። እና ለሐበሻ ሴት እነዛ 3ቱ የሉብሽም ቢሏት ምን ነገሯት? ደግሞ በዘር የሚወረሰው የጡት ካንሰር ከ100 ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው፣ ሌላው ጂኑ ደህና የሆነ ሰውም ላይ ይመጣል።

ማረጋገጥ የፈለገ ሪፖርቱን ከፍቶ የታዩትን ቫሪያንቶች (የጂን ለውጦች) ዝርዝር ይይ፣ ሌሎቹን እንዳላዩ እዛው ተጽፏል (ማን ያነበዋል እንጂ)። እናቷ ወይ እህቷ በጡት ወይ በኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር የታመመችባት ደግሞ ጂኑን ሙሉ የሚያነብ ክሊኒካል ቴስት እንዲያዝላት ሐኪሟን ትጠይቅ። የማሞግራም ቀጠሮ ያላችሁ በዚህ ምክንያት እንዳትሰርዙት፣ እባካችሁ።