ሦስት ደቂቃና ሃያ ቀን

ባለፈው መጸው አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ ጎረቤቴ ከቤታችን ማዶ ባለ ትልቅ የኦክ ዛፍ ግንድ ላይ ገመድ ሲያዞሩ አየሁና ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የገመዱን ጫፍ እንድይዝላቸው ለመኑኝ፤ ግንዱን ዞረው ሲመለሱ ጫፎቹ የተገናኙበትን ቦታ በጣታቸው ቆንጥጠው ያዙ፤ ከዚያም ገመዱን መሬት ላይ ዘርግተን በሜትር ለካነው። 266 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቁጥሩን በትንሽ ደብተራቸው ላይ ጻፉና ‹‹እንግዲያው ሊቆርጡት አይችሉም›› አሉኝ።

የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። በዚህ ከተማ ሕግ የግንዱ ዙሪያ 100 ኢንች፣ ማለትም 254 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ዛፍ በግል ይዞታ ላይ የበቀለ ቢሆን እንኳ አይቆረጥም። ግቢውን የገዛው ሰው አፓርታማ ሊሠራበት አስቦ ስለነበር፣ ጎረቤቴ ልኬታቸውን ይዘው ወደ ሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ወርሃዊ ስብሰባ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው።

ስለዚህ ኮሚሽን ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከሃያ ዓመት በላይ በከተማው ስኖር መኖሩን እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የቆየ፣ ነዋሪዎች ከመካከላቸው በሚመርጧቸው ሰዎች የሚመራ የሰፈር አካል ነው። እያንዳንዱ ተመራጭ ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላል፤ የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ሲሆን ደመወዝ የለውም። ኮሚሽኑ ሕግ የማውጣትም ሆነ ግንባታ የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ሆኖም የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተያየቱን ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጡት፣ ካልተቀበሉትም ያልተቀበሉበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በዚያ ምሽት ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነበር። ጎረቤቴ ስለ ምድር መሞቅ ንግግር አላደረጉም፤ የዛፉን ልኬት፣ በሐምሌ ሙቀት በጥላው የሚያልፉትን አረጋውያንና ተማሪዎች፣ ሕንፃው ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ሁለቱም ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናግረው ጊዜያቸው ሳያልቅ ተቀመጡ። ኮሚሽኑ ድምፅ ሰጥቶ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሕንፃው ንድፍም ተሻሻለ።

የገረመኝ የዛፉ መዳን ብቻ አልነበረም። ነዋሪው አስተያየቱን የተጠየቀው መጋዙ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው። አሜሪካ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ስትወጣ፣ ስትመለስና ዳግመኛ ስትወጣ ባየንባቸው ዓመታት የከተማው ሥራ ያልተቋረጠው በዚህ ዓይነት ነዋሪ ጭምር ይመስለኛል። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ በ2032 የኤሌክትሪክ ኃይሉን መቶ በመቶ ከታዳሽ ምንጭ ለማድረግ ግዴታ ገብቷል፤ በከተማው ምክር ቤት የሕዝብ መድረክ ላይም ይህ ግዴታ ከምን ደረሰ እያሉ በየዓመቱ የሚመላለሱ ተራ ሰዎች አሉ። የአየር ንብረት ተሟጋች ሲባል ቀድሞ በዓይነ ኅሊናዬ ይመጣብኝ የነበረው ሰልፍና መፈክር ነበር፤ አሁን ግን ገመድና ደብተር የያዙትን ጎረቤቴን አስባለሁ።

በስብሰባው አዳራሽ ዓይኔን ሳዞር ከእኔ በቀር ሐበሻ አልነበረም። ስብሰባው የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት አብዛኛው ወገናችን ታክሲ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ ወይም የመኪና ማቆሚያ ቦታ ጥበቃ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ ሦስት ደቂቃውን የሚጠቀምበት በአብዛኛው ጊዜና የራሱ ቤት ያለው ሰው ሆኗል። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ አስተያየት በጽሑፍም ሆነ ከሥራ ቦታ በስልክ ሊቀርብ እንደሚችል እያወቅን ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል። በአማካይ አንድ የአሜሪካ ነዋሪ በዓመት ወደ 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከሩብ ቶን በታች ነው። እዚህ የምንኖር ሁሉ የመጀመሪያው ቁጥር ውስጥ ስላለን፣ የአየር ንብረት ጉዳይ የአገር ቤት ሰዎች ችግኝ የመትከል ሥራ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አንችልም።

አሁን ወደ አገር ቤት ልሻገር። ጥር 2011 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ የቀበሌው ሰው ዶማውን፣ አካፋውንና የድንጋይ ማመላለሻ ባሬላውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። ለተፋሰስ ሥራ የተመደበው 20 ቀን ነበር፤ ክፍያ የለውም። አጎቴ ሰባ ዓመት ስላለፋቸው ድንጋይ አይሸከሙም፤ ሥራቸው የእርከኑን መስመር ማስተካከል ነው። ሁለት እግር ያለው የእንጨት መለኪያ አቁመው፣ ከመካከሉ የተንጠለጠለው ጠጠር ረግቶ እስኪቆም ይጠብቃሉ፤ ሲረጋ አንድ ችካል ይተክሉና ወደ ቀጣዩ ይራመዳሉ። ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ ብጠይቃቸው፣ ‹‹ውኃው እንዲሄድ እንጂ እንዲሮጥ አንፈቅድለትም›› አሉኝ። ከእርከኑ በታች ያለው ቦረቦር፣ በልጅነቴ ፍየል ገብቶበት ይጠፋ የነበረው ገደል፣ በየተወሰነ እርቀት በተሠራለት ክትር ደለል ሞልቶ ሣር አብቅሏል።

እነዚህን ሰዎች የአየር ንብረት ተሟጋች ብሎ የጠራቸው የለም፤ እነሱም ራሳቸውን እንዲያ አይጠሩም። ሥራው ሙሉ በሙሉ በውዴታ ነው ብዬም አልዋሽም፤ ዕቅዱ ከላይ ይወርዳል፣ ያልወጣ ሰውም በቀበሌው ደንብ ይቀጣል። ቢሆንም የመንዝ ሰው መሬቱን ለመጠበቅ ትእዛዝ የጠበቀበት ዘመን ረጅም አይደለም። በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን ምድር አስቦና ጌራ የተባሉት ቀደምት አባቶች ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሣሩ እስኪያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጨድም ሆነ ማሰማራት ይከለከል ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣው ለውጥ ይህንንም ሥርዓት አብሮ አፈረሰው፤ በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶ መልሶታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጓሳ የሚኖሩት በዚህ ጥበቃ ነው። በወላይታ ሁምቦም እንዲሁ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው፣ በአካባቢው ሰዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ሆኖ፣ በአብዛኛው ከተቆረጡት ጉቶዎች የበቀለው ቡቃያ እየተመለመለ እንዲያድግ በመደረጉ ነው።

ይህን የማነሣው የችግኝ ተከላን ለማናናቅ አይደለም። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ ሕዝቡ በነቂስ የወጣበት ቀን ነበር። እኔም በ2014 ክረምት ለዕረፍት ሄጄ አሥር ችግኝ ተከልሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአጎቴን ልጅ ብጠይቀው የጸደቀው ሦስት ነው። ቀሪውን ከብት በልቶታል፤ ያጠረውም፣ ውኃ ያጠጣውም አልነበረም። ከተከላው ቀን ይልቅ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት በጋ የበለጠ ሰው ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኛ ዲሲ ነን።

በአገር ቤት የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ነዋሪው አስቀድሞ የሚጠየቅበትና የሚጠይቅበት ልማድ ነው። ሕጉ ግን አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። ከሁሉ የሚደንቀኝ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው፤ ማንኛውም ሰው በጉዳዩ ላይ የግል ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በብዙ አገር ለእንዲህ ያለ ክስ ‹‹አንተን ምን ነካህ?›› የሚለው ጥያቄ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ የእኛ ሕግ ያንን በር ከከፈተው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በመካከሉ አዋጅ 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ በመከልከሉ የጥብቅና ሥራ በጠቅላላው ተዳክሞ ነበር፤ በአዋጅ 1113/2011 ያ ገደብ ቢነሣም ፍርሃቱ ከሰው ልብ ቶሎ አልወጣም።

አዲስ አበባ የምትኖረው እኅቴ በዚህ ዓመት በስልክ ያወራችኝ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከሰፈራቸው በታች በሚያልፈው ወንዝ ዳር አንድ ሕንፃ የሚያስገነባ ሰው ከመሠረቱ የወጣውን አፈር ወንዙ ውስጥ ይደፋል፤ ዳሩን ይዘው የነበሩትም ዛፎች ተቆርጠዋል። የወንዙ መንገድ ስለጠበበ ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ጎርፉ አራት ቤት ገባ። ነዋሪው እርስ በርሱ አማረረ እንጂ በጽሑፍ ያመለከተ አልነበረም። እኔም የአንቀጽ 11ን ቃል ላክሁላትና በእድራቸው ስብሰባ እንዲነበብ ጠየቅኋት። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ ‹‹እድር ለቀብር እንጂ ለክስ አልተቋቋመም›› ብለው ተቃወሙ፤ ጎርፍ ከገባባቸው ቤቶች የአንዱ ባለቤት የሆኑ እናት ግን ተነሥተው፣ ልጃቸውን ውኃው ወስዶት ቢሆን ኖሮ እድሩ ድንኳን ሊተክል ይመጣ እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ለባለሥልጣኑ በተጻፈው የአቤቱታ ደብዳቤ ላይ 63 አባወራና እማወራ ፈረመ።

ደብዳቤው ግንቦት 6 ቀን መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፤ 30 ቀኑ ሰኔ 6 ይሞላል። ያን ጊዜ ዝናቡ ይጀምራል። ለጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ቶሎ ብለው የጠየቁኝ ልኬት እንዳለ ነበር፤ አልነበረም። አሁን እኅቴና ሁለት ወጣቶች በየሳምንቱ እሑድ ከድልድዩ ምሶሶ አንሥተው እስከተደፋው አፈር ጠርዝ ድረስ ገመድ እየዘረጉ ይለካሉ፤ ቁጥሩንና ቀኑንም የእድሩ ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ።