ይድረስ ለክቡር «የግልጽነት ሪፖርት»

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አንተን ከማንበብ በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የጌቶችህ፣ ማለትም አንተን የሚያሳትመው ኩባንያ፣ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ነበር አይደል፣ እኔም በአፕ የገዛኋቸው አራት ሼሮች አሉኝና ባለቤት ነኝ ብዬ ከስራ አስፈቅጄ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ ልጆቹን ዝም በሉ ብዬ ላፕቶፑ ፊት ጉብ አልኩ። ለካ ድምፅ ብቻ ነው! ማንም አያየኝም። ባለቤቴ ከኪችን ብቅ ብላ «ሰርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። ዋጥ አድርጌ ጉባኤው ውስጥ የሚያስገባውን 16 አሃዝ ቁጥር ሦስቴ ተሳስቼ በአራተኛው ገባሁና ጻፍኩ፦ «የአየር ንብረት ህጉን ለሚቃወመው የኩባንያዎች ማህበር ዘንድሮ ስንት ከፈላችሁ?» በቃ፣ አንድ መስመር። ጥያቄ የምታነበው ሴትዮ «ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል» አለችና ስታነበው «ለአየር ንብረት ያላችሁን ቁርጠኝነት ቢያብራሩልን» ሆኖ ወጣ። እኔ መች ስለ ቁርጠኝነት ጠየቅኩ? መልስ ሰጪው የኩባንያው ሰውዬ ጭራሽ አመሰገነኝ፣ «ዝርዝሩ ሪፖርታችን ላይ አለ» አለና ተበተንን።

ሪፖርቱ እንግዲህ አንተ ነህ። 86 ገጽ። የነፋስ ተርባይን አለህ፣ ችግኝ የያዘ ህፃን አለህ፣ «ከማህበሩ ጋር በአብዛኛው እንስማማለን» የሚል ሰንጠረዥ አለህ። ብሩ የለህም። ሰሙ ለእኔ፣ ወርቁ ለማህበሩ።

ዲሲ ኬ ስትሪት ፓርኪንግ ነው እኮ የምሰራው፣ ሎቢስቶቹን፣ ህግ አውጪዎችን ለማግባባት የሚከፈላቸውን፣ በመኪና ቁልፋቸው ነው የማውቃቸው፣ አንተ ውስጥ ግን አንዳቸውንም አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ፣ በኋላ በተሻሻለው፣ የአሜሪካ የሎቢ ህግ በየሦስት ወሩ ወጪያቸውን ያሳውቃሉ፣ ያውም ወደ ቅርቡ 10,000 ዶላር ተጠጋግቶ፤ እኔ 5 ዶላር ብትጎድልብኝ ማናጀሩ ካሜራ ያስከፍታል። ማህበሩ ደሞ ድምሩን ይናገራል እንጂ ከየትኛው አባል ስንት እንደተቀበለ እንዲጽፍ አይገደድም።

እውነቱንም የሰማነው ካንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የነዳጅ ኩባንያው የኤክሶን ሎቢስት ሥራ ሊያስቀጥሩት የመጡ መስለውት ለአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ለግሪንፒስ ሰዎች በቪዲዮ ሲዘከዝክ ነው፤ የካርበን ታክስ፣ በካርበን ልቀት ላይ የሚጣለውን ግብር፣ እንደግፋለን የሚሉት እንደማይሳካ ስለሚያውቁ፣ ለወሬ ያህል ነው አለ። አለቃው «አቋማችን አይደለም» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ቆይ፣ ቀልዱ ይቅርና፣ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሳይዘንብ ቀርቶ ከብቱ ሜዳ ላይ ሲረግፍ እኛ በዋትሳፕ አዋጣን። 50 ዶላር የሰጠ ሁሉ ስሙ ከነብሩ ተለጥፏል! ለተራበ የሰጠ ይለጠፋል፣ ህግ ለመግደል የከፈለ ሚስጥር ነው? ምን አይነት አይን አውጣነት ነው?

ጉባኤው ላይ የራሴን ሀሳብ አቅርቤ ድምፅ ይሰጥበት እንዳልል ቢያንስ የ2,000 ዶላር ሼር ሦስት ዓመት መያዝ አለብኝ። አራት ነው ያለኝ አልኩህ አይደል።

መልስህን ከተመሳሳይ መልሶች ጋር አንድ ላይ አድርገህ ላክልኝ።

ባለ ከረባቱ