ማስተካከያ፦ ስለ ፓርኪንሰን ሕመም ስርጭት

ቀደም ሲል ጅማ ላይ ባሰራጨነው በራሪ ወረቀት፣ እንቅስቃሴን ስለሚያዘገየው የአንጎል ሕመም ስለ ፓርኪንሰን፣ «ከ100 ሰው 1ዱ ፓርኪንሰን አለበት» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። አኃዙ በግምት የሚሠራው ከ60 ዓመት በላይ ላሉት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል፤ በሁሉም ዕድሜ ሲሰላ ከ1,000 ሰው 1 ገደማ ማለት ነው። እንደ እኛ ወጣት በሚበዛበት አገር ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል። «እርጅና ነው» ተብሎ ሳይመረመር ቤት የሚቀረው ሰው ግን ያሳስበናል።

«እጁ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ» ፓርኪንሰን አለበት ያልነውም ይታረም። የቡና ስኒ ሲያነሱ የሚብሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ሌላ፣ ከፓርኪንሰን ይበልጥ የተለመደ ሕመም ነው። የፓርኪንሰኑ እጅ ጭን ላይ ሲያርፍ ይጎላል፤ ስኒው ሲነሳ ይቀንሳል። የእንቅስቃሴ መዘግየት ከሌለ ደግሞ ፓርኪንሰን አይባልም።