በቨርጂኒያ ያለመወዳደር ውል ፈርሞ መርሳት ይቻላል?

ጭብጥ፦ በቨርጂኒያ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ «ከለቀቅሁ ለተፎካካሪ አልሠራም» ብሎ ቢፈርም ወረቀቱ አያስረውም።

ደጋፊ፦ አያስረውም። ፈርሞ ይርሳው። የ2020ው ሕግ የሚከላከለው በዋናነት የሳምንት ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች የሆኑትን ነበር፤ በ2025 መጠኑ 1,463.10 ዶላር ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ወዲህ ግን ኦቨርታይም የሚገባው ሠራተኛ ሁሉ፣ ገቢው ምንም ያህል ይሁን፣ በሕጉ ጥላ ሥር ገብቷል። አሠሪው ማስፈረም ቀርቶ «በውሉ እከስሃለሁ» ብሎ ቢያስፈራራ እንኳ ለእያንዳንዱ ጥሰት 10,000 ዶላር ይቀጣል።

ተቃዋሚ፦ «ፈርሞ ይርሳው»! ጌታዬ፣ ይህን ምክር በነፃ ነው የሚያድሉት? አዲሱ ድንጋጌ የሚመለከተው ከዚያች ቀን ወዲህ የተፈረመ፣ የተሻሻለ ወይም የታደሰ ውል ነው። በ2023 የፈረመች፣ በሳምንት 2,000 ዶላር የምታገኝ ነርስ በሰዓት ቢከፈላትም ከአሮጌው መጠን በላይ ናት፤ አዲሱም አይደርስላትም። ገቢው በአብዛኛው ከኮሚሽን የሚመጣ ሻጭም «ዝቅተኛ ተከፋይ» አይባልም። እነዚህም ይርሱት?

ደጋፊ፦ ነርሷም ብትሆን መንገድ አላት። የቨርጂኒያ ዳኛ የተለጠጠ፣ ማለትም ከሚገባው በላይ የሚከለክል ውል ከርክሞ አያስተካክልም፤ እንዳለ ይጥለዋል። በቴክሳስ ቢሆን ሕጉ ዳኛውን አስተካክል ይለዋል። በ2011 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተባይ ማጥፊያ ድርጅት ውል የጣለው ሠራተኛውን በዚያ ንግድ ውስጥ በማንኛውም ሥራ ስለከለከለ ነው፤ ያውም ያንኑ አንቀጽ በ1989 አጽድቆት ነበር። የእንክብካቤ ኤጀንሲዎቻችሁ ውል ደግሞ ከሌላ ክፍለ ግዛት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።

ተቃዋሚ፦ የ2011ዱን ሲጠቅሱ የ2013ቱን ለምን ዘለሉት? ያው ፍርድ ቤት ውሉ ይጸናል አይጸናም የሚለው ማስረጃ ሳይሰማ በመጀመሪያ መቃወሚያ ብቻ አይወሰንም ብሏል። ስለዚህ የተለጠጠ ውል የያዘችው ነርስ በመጨረሻ ብታሸንፍም እስከዚያው የጠበቃ ሂሳብ አለባት። አዲሱ ቀጣሪዋም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰው የሥራውን ግብዣ ያነሳል። ያኔ «መርሳቱ» ምን ይፈይዳታል?

ደጋፊ፦ ሕጉ የሚከላከለው ሠራተኛ ከስሶ ከረታ ወጪውንና የጠበቃውን ክፍያ ከአሠሪው ያገኛል። ይህን ሲያልፉት ታዝቤአለሁ።

ተቃዋሚ፦ ነርሷን ነው የጠየቅሁዎት። ኤጀንሲው ላይም ግፍ አለ፤ የግል እንክብካቤ ረዳቷን 40 ሰዓት አሠልጥኖ ሲያበቃ ታካሚውን ይዛ ብትሄድ ዝም ይበል?

ደጋፊ፦ እሱማ ሌላ ጉዳይ ነው! ሚስጥር ያለማውጣት ውል ማስፈረም ይችላል። ታካሚው ራሱ ደውሎ «ነይ» ካላት ግን ልትሠራለት ትችላለች፤ የሕጉ ትርጓሜ ይህን በግልጽ ጽፏል። እሷ ግን ቀድማ ታካሚውን ማግባባት የለባትም።

ተቃዋሚ፦ ማን ቀድሞ እንደደወለ በምን ታስረዳለች?

ደጋፊ፦ የስልክ መዝገቧን ትያዝ። የፈረመችበትን ቀንና የውሉን ቅጂ ትያዝ። ኦቨርታይም እንደሚገባት የሚያሳየውን የክፍያ ወረቀትም ታስቀምጥ። ለመክሰስም ሁለት ዓመት አላት፤ የሚቆጠረውም ውሉ ከተፈረመበት፣ ካወቀችበት፣ ሥራ ከለቀቀችበት ወይም አሠሪው ውሉን ለማስፈጸም ከተንቀሳቀሰበት የኋለኛው ቀን ጀምሮ ነው።

ተቃዋሚ፦ መርሳቱ ቀረ ማለት ነው?