የእርሾ ዘመድ ፍለጋ

ቤቱ ቢራ የሚጠምቅ ጓደኛ ካላችሁና ምሽቱን በሰላም ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ስለ እርሾ አታንሱበት። ስለ ብቅል ብትጠይቁት በሁለት ቃል ይመልስላችኋል። ለቢራ ምሬትና ሽታ ስለሚሰጠው አበባ፣ ስለ ሆፕስ ብትጠይቁት ቆንጥሮ ያስሸትታችሁና ይበቃዋል። «ለፔል ኤል፣ ለዚያ ፈካ ላለው ቢራ፣ የቱ እርሾ ይሻላል?» ያላችሁ ቀን ግን እንቅልፍ የለም።

የባሰው የሚመጣው የታዘዘው እርሾ ሲጠፋ ነው። አሠራሩ ላይ «ዋይስት 1056» ተብሎ ተጽፏል። ጀማሪው ጠማቂ እጅ ላይ ያለችው አንዲት «ኤስ-04» የተባለ እርሾ ፓኬት ናት። የብቅሉ ውሃ ከሆፕሱ ጋር ፈልቶ አሁን እየቀዘቀዘ ነው። ሰውየው ጨንቆት ጓደኞቹን ይጠይቃል፦ «በዚህ ብተካው ችግር አለው?» መልሱ «የለውም፣ ጨምር» ነበር። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ጠማቂ ግን ገና አልተወለደም።

መጀመሪያ ዘር ቆጣሪው ይነሳል። «ወንድሜ፣ 1056 የማን ዘር እንደሆነ ሳታውቅ እንዴት ትተካዋለህ?» ይልና ሰውየውን ካሊፎርኒያ ይዞት ይሄዳል። ቺኮ በምትባል ከተማ ሴራ ኔቫዳ የሚባል ጠመቃ ቤት አለ። መጥመቅ የጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያን ቤት እርሾ ዘር ዛሬ ዋይስት በፈሳሽ «1056» ብሎ፣ ዋይት ላብስ «001» ብሎ፣ ፈርሜንቲስ ደግሞ አድርቆ «ዩኤስ-05» ብሎ ይሸጠዋል። ስሙ ሦስት፣ ቤተሰቡ አንድ። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መጨመር ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም በተመረቀ። አያቆምም። «መንትያ ናቸው የሚሉህን አትስማ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የቤተሰብ ገመና እንደሚያወጣ ሰው። «በየላቦራቶሪው ለየብቻ ሲራቡ ኖረው ዘረመላቸው ትንሽ ተለያይቷል።» ጀማሪው ይህን ይዞ ምን እንደሚያደርግበት አይነግረውም።

ሌላው ጣልቃ ይገባል፦ «ክቫይክ ጨምርበት!» ክቫይክ የኖርዌይ ገበሬዎች ሲቀባበሉት የኖረ እርሾ ነው፤ አንዳንዱ 35 ዲግሪ ላይ እንኳ ይሠራል። ጥሩ እርሾ ነው። ችግሩ እሱ ሰውዬ ዘንድ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን መልሱ ክቫይክ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚፈራው ግን የዳቦ እርሾ ጠበቃ ነው። «እርሾ እርሾ ነው!» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ሳይንሱ በከፊል ከእሱ ጋር መሆኑ ነው። የዳቦውም እንደ ፔል ኤል ያሉ ቢራዎችም እርሾ መጠሪያ «ሳካሮማይሲስ ሰረቪሲዬ» ነው። ነገር ግን የዳቦው የተመረጠው ሊጥ ቶሎ እንዲነፋ ነው። ሥራውን ጨርሶ ከሥር ዝቀጥ ያለው ሰው የለም። ቢራው ደፍርሶ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ጠበቃው ብርጭቆውን ወደ መብራት ያነሳዋል። በብርጭቆው ማዶ ጣቱ አይታይም። «ተፈጥሯዊ ነው» ይልና ይጠጣዋል።

ስለ «ኤስ-04» እስካሁን አንድም ሰው አልተናገረም፤ ስለዚህ እኔ ልናገር። የእንግሊዝ ዘር ነው። ትንሽ የፍራፍሬ ጣዕም ይጨምራል። ቶሎ ይዘቅጣል፣ ታች ወርዶም ድርቅ ብሎ ይተኛል። ስኳሩን እንደ «ዩኤስ-05» አሟጦ አይበላም። ስኳሩ በተበላ ቁጥር የቢራው ጥግግት ይወርዳል፤ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.050 ላይ የጀመረ ቢራ በ«ዩኤስ-05» 1.010፣ በ«ኤስ-04» 1.012 አካባቢ ቢቆም ነው። አልኮሉ 5.2 ከመቶ መሆኑ ቀርቶ 5 ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ሸንጎ። በእውነት መፈራት ያለበት ምትክ ሳይሶን የሚባለው የቤልጂየም ቢራ እርሾ ነው። አንዳንዱ ሌላው እርሾ የተወውን ስኳር ሳይቀር ቀስ እያለ ይበላል። ሰው አልቋል ብሎ ጠርሙስ ውስጥ ከከተተው በኋላ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲወራ የጀማሪው ክፍል 27 ዲግሪ ነው። የጠየቀው የለም። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ራሱም ሙቀት ያወጣል፤ ባልዲው ውስጥ ከክፍሉ ይብሳል። በዚያ ሙቀት የቺኮም ሆነ የእንግሊዝ እርሾ ጉሮሮ የሚያቃጥል አልኮል ለማውጣት ወደኋላ አይልም። ፓኬቷ 11.5 ግራም ናት፣ ለ20 ሊትር ያህል ትበቃለች። ጀርባዋ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ግን ገልብጦ ያየ የለም። ዘሯ እንጂ ዕድሜዋ ማንንም አላሳሰበም።

የባቫሪያ ሰዎች በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይሠራ ብለው ሲደነግጉ እርሾን በስሙ አልጠሩትም። እነሱም ጠጡ። ይህን ጣጣ ያመጣብን በ1883 እ.ኤ.አ. ካርልስበርግ በሚባለው የዴንማርክ ጠመቃ ቤት ውስጥ አንዱን ዘር ለይቶ ያራባው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ነው። ዘር ተለየ፣ ዘር ቆጣሪም ተወለደ።

ጀማሪው ሲሰለቸው ክፍሉን አቀዝቅዞ «ኤስ-04»ቱን ይጨምራል። ቢራው ሲደርስ አማካሪዎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ዘር ቆጣሪው አንዴ ፉት ብሎ «ቺኮ! ምኑ ይጠፋኛል!» ይላል። የክቫይኩ ሰው ብርቱካን ሸቶታል፤ የሸተተው ካስኬድ የሚባለው ሆፕስ ነው። የዳቦው ጠበቃ «አላልኳችሁም?» እያለ ይደግማል። በመጨረሻ ባለቤቱ ባዶዋን ፓኬት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራታል። ዘር ቆጣሪው አነሳት፣ አገላብጦ አያት፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኤስ-04ም ቢሆን» አለ፣ «በሩቁ ይዛመዳል።»