ካይሮን በጩኸት፣ ቀበሌን በቅንድብ

ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰዎች ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ የሚሠራው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚወራለት ጉዳይ በራቀ ቁጥር ድምፅ ይጎለብታል። ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሐይቁ ዳር ካሉት የጀበና ቡናዎች አንዱ ጋ ሄዶ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ማለት ይበቃል። ስለ ዋሽንግተን ሲወራ ድምፁ አስፋልቱን ተሻግሮ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል። ስለ ካይሮ ሲሆን ጠረጴዛ ይደበደባል፤ ጠረጴዛ ስለሌለ የጎረቤት ጉልበት። አዲስ አበባ ላይ ሲደረስ አንገት ይቀለሳል። ክልሉ ላይ በርጩማዎቹ ይጠጋጋሉ። ቀበሌው ላይ ሲደረስ አፍ ሥራውን ያቆምና ቅንድብ ይረከባል።

ከካይሮ እንጀምር፤ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዕለቱ ተንታኝ መጀመሪያ አሃዝ መጥራት አለበት። አሃዝ ሳይጠራ ወሬ የጀመረ ሰው ቡናው ሳይበርድ ይነጠቃል። የታወቀው መክፈቻ ይህ ነው፦ "55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን። ለኛስ?" ይልና መዳፉን ዘርግቶ ባዶውን ያሳያል። እውነቱን ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አገሮች ውኃውን ቁጭ ብለው ሲካፈሉ ኢትዮጵያን የጠራት አልነበረም። ቀጥሎ ወደ ኋላ ይሄድና በ1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል ያነሳል፤ ዐባይን፣ ጣናንና ሶባትን ያለ ስምምነት ላለመገደብ የተባለውን። ከዚያ ሕዳሴ ይመጣል፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀመረ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። እስከዚህ ድረስ ስሕተት የለም። አንድ ተማሪ ይህን ጥርት አድርጎ ቢጽፍ ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል።

ብልሽቱ የሚመጣው ከአራተኛው አሃዝ በኋላ ነው። ተንታኙ በጣቱ ዐባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ይጠቁምና "እንዲያው ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ እዚችው ጨረጨራ ላይ በሩን ጥርቅም ብናደርገው፣ በሳምንቱ እግራችን ሥር ናቸው!" ይላል። ጭብጨባ ሊቀር ትንሽ ነው።

ጨረጨራ ላይ በር መኖሩ እውነት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሁለት በር ኖሮት ተሠራ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ተጨመረለት፤ ባለ ሰባት በር ነው። የተሠራው ግን ለጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውኃ ለመመጠን እንጂ ለጦርነት አይደለም። ፏፏቴው ራሱ ከዚያ ወዲህ እንደ ቤት መብራት ሆኗል፤ ውኃው ወደ ማመንጫው ሲሄድ ይጠፋል፣ ሲለቀቅለት ይበራል። የበሩን መዘጋት ወደ ጦር ስልት የቀየረው ሰው ሁለት ነገር ዘንግቷል። አንደኛ፣ ዐባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ከሚይዘው ውኃ የጣና ድርሻ ከዐሥር አንድ አይሞላም። የቀረው የበሽሎ፣ የጀማ፣ የሙገር፣ የጉደር፣ የዴዴሳ፣ የዳቡስ ነው። ወሎው፣ ሸዋው፣ ወለጋው በሩን ሳይዘጋ ባሕር ዳር ብቻዋን ብትዘጋ ካይሮ አታውቅም። ሁለተኛ፣ የተዘጋ ውኃ የሚሄድበት ይፈልጋል። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እስከ 15 ሜትር ቢደርስ ነው፣ ዳርቻውም ሜዳ። በሩ ተጠርቅሞ ክረምት ቢገባ ካይሮ ሳትጠማ ፎገራና ደምቢያ ሩዛቸውንና ጤፋቸውን በታንኳ ይሰበስባሉ።

ይህን የሚያስረዳ የውኃ መሐንዲስ አልፎ አልፎ ቡናው ላይ ይቀመጣል። ስኒውን ሳይጨርስ ነው የሚነሳው። ከሄደ በኋላ "ይኼ ልጅ ውጭ አገር ነው አይደል የተማረ?" ይባላል፤ ፍርዱ በዚሁ ያበቃል።

ከካይሮ ቀጥሎ ቀይ ባሕር ይመጣል። ስሟ ባሕር ዳር የሆነ ከተማ ስለ ባሕር በር ዝም ብትል ነውር ነው። ከ1985 ጀምሮ አገሪቱ ወደብ የላትም፤ ከወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ሲባል በዚያው ቀን ቡናው ላይ መርከብ ተገዝቶ፣ ካፒቴን ተሹሞ፣ "የባሕር ኃይሉ ዩኒፎርም ነጭ ይሁን ሰማያዊ" እየተባለ ነበር። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017፣ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ዕርቅ ወረደ ተባለ። ተንታኙ አቋሙን ለማስተካከል የፈጀበት ጊዜ አንድ ስኒ ነው፤ እሱም ስኳሩን እያማሰለ። "እኔ ድሮም ብያለሁ" አለ። ማንም "መቼ?" ብሎ አልጠየቀም፤ ነገ የራሱ ተራ እንደሚደርስ ያውቃላ!

ባሕር የሌለው አገር መርከብ ቢያምረው ምን እንደሚሆን ያሳየችን ጣና ነሽ ሁለት ናት። ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና፣ ተራራ እየወጣች፣ ኩርባ እየታጠፈች፣ ወራት በፈጀ የየብስ ጉዞ ጣና ደርሳለች። ጀልባ አቧራ ጠጥታ ውኃ ለመንካት የተጓዘችውን ያህል ሌላ አገር ጀልባ በውኃ ላይ አትጓዝም።

አሁን ወደ መሐል አገር እንቅረብ፤ ድምፅም አብሮ ይውረድ። እዚህ ላይ አስቸጋሪው ሐሳብ ሳይሆን ተውላጠ ስም ነው። እንግሊዝ ስለ መሪው ሲያወራ አንድ ቃል ይበቃዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት "እሱ" ይበል "እሳቸው" መወሰን አለበት። "እሳቸው" ካለ ከግራው የተቀመጠው ፈቀቅ ይላል፤ "እሱ" ካለ የቀኙ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው "ሰውዬው" ይላል። "ሰውዬው" የሰላም ቀጠና ነው፤ ለመውደድም ለመጥላትም ያገለግላል፣ ልዩነቱ በትንፋሽ ርዝመት ነው። ጫካ ስላሉት ሲነሳም እንዲሁ ነው። "ልጆቹ" ማለት አንድ ነገር ነው፤ ቴሌቪዥኑ በሚጠራቸው ስም መጥራት ሌላ ነው። ብልኁ ሁለቱንም ትቶ "እዚያ ያሉት" ይልና በአገጩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። አገጭ ለምስክርነት አይመችም። ሁሉንም የሚያሸንፈው ግን "እነሱ" ነው። "እነሱም አይተኙም፣ እነሱም አይተዋቸውም" ሲባል ሦስት ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሦስቱም የተለያዩ "እነሱ"ን እያሰቡ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ስድስት ወሩ ሲያልቅ አራት ወር ሲጨመርበት፣ የሞባይል ዳታም በተዘጋበት ጊዜ ብዙ ሰው ትንታኔ ይሞታል ብሎ ፈርቶ ነበር። አልሞተም፤ እንዲያውም ወዙ ጨመረ። መረጃ ሲቋረጥ ማረጋገጫም አብሮ ይቋረጣል። ዳታ ሲኖር አንዱ የማይረባ ልጅ ስልኩን መዥረጥ አድርጎ "ኧረ ጋሼ፣ ይኼ የዛሬ ሦስት ዓመት ቪዲዮ ነው" ይላል። ዳታ ሲጠፋ "ከውስጥ የሰማሁት" ያለ ሁሉ ንጉሥ ነው። ዳታው ሲመለስ ዩቲዩቡም ተመለሰ፤ ቀይ ቀስት፣ ቀይ ክብ፣ "ሰበር" የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ሰብስክራይብ አድርጉ እየተባለ ብዙ ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ "ነገ በሰፊው እንመለስበታለን"።

ስለ ኑሮ ብዙ አልልም፤ እሱን ሁሉም ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ተብሎ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ሲዘል፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ የፎገራ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ዋጋ ጨመረች። "እትዬ፣ ሽንኩርቱም በዶላር ነው እንዴ?" ተብላ ተሳቀባት። የሚስቀው ነው ያልገባው። ሽንኩርቱ የሚጠጣው በፓምፕ ነው፣ ፓምፑ የሚጠጣው ናፍጣ ነው፣ ማዳበሪያውና መድኃኒቱ ከውጭ ነው። ከብዙ ቡና ጠጪ ይልቅ ምጣኔ ሀብቱን የተረዳችው እሷ ናት፤ ግን አሃዝ ስላልጠራች ተንታኝ አትባልም።

ወደ ወንጀሉ ስንደርስ ድምፅ ያልቃል፤ ሰዋስው ይጀምራል። አማርኛ ለዚህ ዘመን ተብሎ የተሰናዳ የሚመስል ቋንቋ ነው። ማን እንዳደረገው ሳትናገር ሁሉን የምትናገርበት "ተ" የምትባል ፊደል አለችው። እገታን ለምሳሌ እንውሰድ፦ ታገተ፣ ተደወለ፣ ተጠየቀ፣ ተዋጣ፣ ተከፈለ፣ ተለቀቀ። ስድስት ግሥ፣ ሙሉ ወንጀል፣ አንድም አድራጊ የለም። ድሮ የሰዋስው መምህር "የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ያን ጥያቄ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ራሱ የግሡ ተቀባይ ይሆናል።

አካሄዱን ሰፈር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ስልኩ የሚመጣው ከራሱ ከታገተው ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሚስት በደስታ ታነሳዋለች። የመጀመሪያው ዋጋ ሰማይ ነው። ሽማግሌዎች የሚመክሩት ቶሎ "እሺ" እንዳይባል ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ ቤት ገንዘብ አለው ተብሎ ሁለተኛ ይደወልለታል። ስለዚህ አንድ የሰው ልጅ እንደ ፋሲካ በግ ወገቡ እየተዳበሰ ይከራከሩበታል። ከዚያ ዕቁብ ከተራ ውጭ ይለመናል፣ ባጃጁ ይሸጣል፣ ገጠር ያለ ወንድም በሬውን ያወጣል፣ ዕድሩ ለሞት ያስቀመጠውን ለሕይወት ያበድራል። ሰውየው ሲመለስ ጎረቤት "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ለማለት ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል። የሚጠየቀው "ስንት?" ነው። "ማን?" አይባልም፤ ጥያቄው እንዳያመልጠው ሁሉም ዳቦ ጎርሷል።

ከዚህ በኋላ ሰፈሩ ሌላ ጥበብ ይማራል። አጥር የሚያድስ ሰው የውጩን ፊት ሳይቀባ የውስጡን ብቻ ይቀባል። ፎቅ ሊጨምር የነበረው ብረቱን እንደቆመ ይተወዋል፤ ያላለቀ ቤት ገንዘብ እንዳለቀ ይመሰክርለታል። በዚህ ከተማ ድህነትን መልበስም እንደ ሱፍ ልክ ይፈልጋል፤ ከበዛ ዘመድ ይንቃል፣ ካነሰ ስልክ ይጮኻል።

ይህ ሁሉ በሹክሹክታ እየተወራ ሳለ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ባዶው በርጩማ ላይ ቢቀመጥስ? ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፦ ጫማው ለዚህ ሰፈር አቧራ ያለ ልክ የጸዳ ነው፣ ስልኩን በሆዱ ይደፋዋል፣ ቡናዋን ቀስ ብሎ ይጠጣል። ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርግና "እና እምቦጩስ እንዴት ሆነ?" ይላል። እምቦጭ የባሕር ዳር ወሬ መጠለያ ነው። ወገን የለውም፣ ብሔር የለውም፣ ቢሮ የለውም፤ ቢሰደብ የሚቆጣለት አይመጣም።

ስለ እምቦጭ ደግሞ ሁሉም አዋቂ ነው። ጣና ላይ የታየው በ2004 ገደማ ነው፤ በብዛት የያዘው የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ ነው፣ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን። በዘመቻ ይነቀላል፣ ተመልሶ ይበቅላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከተቆረጠ ግንዱ ይባዛል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፣ ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረውን የክረምት ውኃ መጥቶ መልሶ ይወስደዋል። መንቀል ግማሹ ሥራ ነው፤ አርቆ ወስዶ ማድረቅና ማቃጠል ሌላው ግማሽ፤ ያኛው ግማሽ ግን ካሜራ የለበትም።

እዚህ ላይ ነው ጆሮ ማቆም የሚያስፈልገው፤ የሚወራው ሰም ብቻ አይደለምና። "ላዩን ማጨድ ዋጋ የለውም፣ ሥሩ ነው" ይላል አንዱ፤ ሌላው ሥሩ የት እንደሆነ አገጩን ያነሳል። "መጀመሪያ ሲመጣ እኮ አበባው አማረን" ይላሉ ሸምገል ያሉት፤ ሳቅ ታፍኖ በቡና ይዋጣል። "ከውጭ የገባ ነው" ሲባል አንዱ ካይሮን ያያል፣ ሌላው ከዚያ የቀረበ ሰው። "ማሽኑ መጣ ተባለ፣ ማሽኑ ቆመ ተባለ" ሲባልማ ማንም ስለ ማሽን እያሰበ አይደለም። እንግዳው ሪፖርት የሚጽፍ ቢሆን እንኳ የሚጽፈው "ኅብረተሰቡ በአረሙ ላይ ከፍተኛ ቁጭት አለው" ብሎ ነው። ውሸት አይሆንበትም።

ቡና የምታፈላው ልጅ ይህን ሁሉ ከእነሱ ይልቅ ታውቀዋለች። ወሬው እምቦጭ ላይ ሲቆም ሽያጭ ይቀዘቅዛል፤ የፈራ ሰው ሁለተኛ ስኒ አያዝም። ስለዚህ ከሰሉን እያራገበች እንግዳውን በጎን ታየዋለች። እንግዳው ስኒውን ጨልጦ አተላውን ትኩር ብሎ ያይና፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ "ለመሆኑ ግብፅ አሁን ምን እያሰበች ይሆን?" ይላል።

ትንፋሽ ሁሉ ባንዴ ይለቀቃል። በርጩማዎቹ ይራራቃሉ፣ ጉልበት መደብደብ ይጀመራል፣ ልጅቱ ጀበናዋን መልሳ ትጥዳለች። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ባጃጁ ውስጥ በጀርባው የተንጋለለው ሹፌር፣ ኮፍያውን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ "ሃምሳ አምስት ነጥብ አምስት!" ብሎ ይጮኻል።