ለተከበሩ አቶ ቼክ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ መልስ ስለሌለው ሰርግ

የተከበሩ አቶ ቼክ፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በየዓመቱ ኦገስት ሊወጣ ሴፕቴምበር ሊገባ ሲል ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ተነሥተው ወደ ትንሹ ስለሚያደርጉት ጉዞ ነው። ቀኑም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጨዋታውም የእነሱው ነው። ኳሱን በእጃቸው ታቅፈው እየሮጡ «እግር ኳስ» ይሉታል። በስም አወጣጥ አንከራከርም።

ለማያውቅዎ አንባቢ ስንል ማንነትዎን እንግለጽ። የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድን በመደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ አለው። ትልቁ ቡድን ከእነዚህ ሰባቱን በገዛ ሜዳው ማድረግ ይሻል፤ ትኬቱም፣ የመኪና ማቆሚያውም፣ ሆትዶጉም የሚሸጠው ጨዋታው ቤት ሲሆን ነው። እንደ ሚሺጋን 107,601 ሰው የሚይዝ ስታዲየም የገነባ፣ አንዲት ቅዳሜ ባዶዋን ስታልፍበት እንቅልፍ አይወስደውም። እኩያው ቡድን ደግሞ እንዲሁ አይመጣለትም። «ዘንድሮ እኔ ከመጣሁ ከርሞ አንተ ትመጣለህ» ይለዋል፤ በዚህም አንድ የቤት ጨዋታ ይጎድላል። ስለዚህ የሚፈለገው ሲጠሩት የሚመጣ፣ ተሸንፎ የሚሄድ፣ መልስ የማይጠራ እንግዳ ነው። ሰርግ አለ፣ መልስ የለም። ለዚህ ሰርግ የሚቆጠረው ጥሎሽ፣ ትልቁ ለእንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ፣ እርስዎ ነዎት።

ሌላም ምክንያት አለ። ወቅቱ ሲያልቅ ቦውል የሚባለው ጨዋታ ላይ ለመጋበዝ ስድስት ድል ያስፈልጋል። የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ዲቪዚዮን አንድ፣ በፉትቦል በ1978 ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የታችኛው እርከን፣ ዛሬ ኤፍ ሲ ኤስ የሚባለው፣ ለብቻው ነው። ከዚያ እርከን በመጣ ቡድን ላይ የተገኘ ድል ለቦውል የሚቆጠረው በዓመት አንድ ብቻ ነው። ብልሁ ትልቅ ቡድን እንግዲህ ከታችኛው እርከን አንድ፣ ከላይኛው እርከን ድሆች ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይገዛል። ስድስቱ ድል ገና ቅጠሉ ሳይረግፍ ግማሽ ደረሰ ማለት ነው።

ውልዎንም እናውቀዋለን። ጨዋታው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ይፈረማል፤ ያኔ የሚጫወቱት ልጆች ገና ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። መታየት ያለበት ስለ መሰረዝ የሚለው አንቀጽ ነው፦ ውሉን ያፈረሰ ወገን ካሳ ይከፍላል፤ ካሳው ብዙ ጊዜ ከእርስዎ ከራስዎ መጠን አይርቅም። ትልቁ ቡድን የተሻለ ድግስ ካገኘ ካሳውን ከፍሎ ይሄዳል። ትንሹ ግን ካሳ መክፈያ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ አይፈርምም ነበር። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉና ቀለቡ ብዙውን ጊዜ ከእርስዎው ላይ ነው የሚነሣው። ተጫዋች፣ አሰልጣኝ፣ ሐኪምና ዕቃ ያዥ ተደምሮ ከመቶ ሰው በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በጋዜጣ የሚወጣው መጠንዎና ቤት የሚገባው መጠንዎ አንድ አይደሉም፤ እንደ ደመወዛችን ያልተጣራና የተጣራ አለዎት።

ከዚያ ሜዳው። ብዙ ተመልካች ልዩነቱን ኳስ አከፋፋዩ ኳርተርባክ ላይ ይፈልገዋል። ቦታው እዚያ አይደለም፤ ፊት ለፊት የሚገፋፉት የመስመር ተጫዋቾች ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት የላይኛው እርከን 85 ስኮላርሺፕ፣ የታችኛው 63 ነበር የሚፈቀድለት። ስለዚህ አንደኛው ሩብ ላይ «ኧረ እኩል ናቸው!» ይባላል። ሁለተኛውም እንደምንም ያልፋል። ሦስተኛው ሩብ ላይ ትልቁ ቡድን ያረፉትን ተለዋጮች ያስገባል፤ ትንሹ ጋ ግን ተለዋጩ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሃያ ኪሎ ይጎድለዋል። ውጤቱ የሚሰፋው እዚህ ነው፤ ጉልበትና ትከሻ የሚሰበረውም እዚህ ነው። የተጎዳው ልጅ ደግሞ በኦክቶበር ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወቱ፣ በእርግጥ ሊያሸንፉት በሚችሉት ጨዋታ ላይ፣ ክራንች ይዞ ዳር ይቆማል። ያ ኪሳራ በቼክ ላይ አልተጻፈም።

አንዳንዴ ግን፣ አቶ ቼክ፣ የተላኩበትን ረስተው ጌታዎን ያዋርዳሉ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ሚሺጋን ለአፓላቺያን ስቴት 400,000 ዶላር ከፍሎ በገዛ ሜዳው 34 ለ 32 ተሸነፈ። ሚሺጋን ያኔ በአገሩ አምስተኛ ነበር፤ የመጨረሻዋ ምት በእንግዳው እጅ ተጋርዳ ቀረች። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2024 ኖትር ዴም ለሰሜን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ከፍሎ 16 ለ 14 ተረታ፤ ጨዋታው ሊያልቅ 31 ሴኮንድ ሲቀረው ከ35 ያርድ በእግር ተመትታ በምሰሶዎቹ መካከል ባለፈች ፊልድ ጎል። ከሁሉ የሚያምረው ግን ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 ነው፤ በእኛ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5። በዚያች አንዲት ቅዳሜ አፓላቺያን ስቴት ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 1.5 ሚሊዮን ተቀብሎ 17 ለ 14፣ ማርሻል ከኖትር ዴም 1.25 ሚሊዮን ተቀብሎ 26 ለ 21፣ ጆርጂያ ሳዘርን ከኔብራስካ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ተቀብሎ 45 ለ 42 አሸነፉ። ጥሎሹን በልተው ሙሽራዋንም ይዘው ሄዱ።

ኔብራስካ ግን አልቻለበትም። በማግስቱ አሰልጣኙን ስኮት ፍሮስትን አባረረ። እስከ ኦክቶበር 1 ቢታገሥ የስንብት ክፍያው 7.5 ሚሊዮን ነበር፤ አልታገሠም፣ 15 ሚሊዮን ሆነበት። የሃያ ቀን ትዕግሥት አምስት እርስዎን ያወጣል ማለት ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ደግሞ በኖቬምበር 2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን በላይ ሊከፍል ተገደደ። ለአፓላቺያን በተከፈለው ሒሳብ ሃምሳ ቼክ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚገረፍ ቡድን የሃምሳ ዓመት ግርፊያ፣ እዚያ ማዶ የአንድ ሰው መሸኛ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር (ይህ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ነው) ማካፈል ይችላል። መከፈላቸው ተገቢ ነው፤ ልጆቹ ለዓመታት በነጻ ጭንቅላታቸውን ሲያጋጩ ቆይተዋል። ችግሩ «ይችላል» የምትለዋ ቃል ናት። እስቲ እናስላ። ትንሹ ቡድን 12ቱንም ጨዋታ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በ1.4 ሚሊዮን ሒሳብ ለእርስዎ ቢሸጥ 16.8 ሚሊዮን ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ ከሜዳው ወጥቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ተደብድቦ፣ አሁንም ጣሪያው ለመድረስ 3.7 ሚሊዮን ይጎድለዋል። ቲቪው ይሙላው እንዳይባል፣ ከ2026 ጀምሮ በሚሠራው የፕሌይኦፍ (የወቅቱ መጨረሻ የሻምፒዮና ውድድር) የገቢ ስምምነት ከሁለቱ ሀብታም ኮንፈረንሶች (የቡድኖች ማኅበራት)፣ ከቢግ ቴንና ከኤስ ኢ ሲ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ በዓመት ከ21 ሚሊዮን በላይ ሲደርሰው፣ ከትናንሾቹ ኮንፈረንሶች ላለው የተሰላለት 1.8 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በዚያ ላይ በዚያው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ለቀድሞ ተጫዋቾች በአሥር ዓመት የሚከፈለው 2.8 ቢሊዮን ካሳ በከፊል የሚሸፈነው ለዲቪዚዮን አንድ አባላት ከሚታደለው ገንዘብ እየተቀነሰ ነው። ቲቪ አይቷቸው የማያውቁትም አብረው ይከፍላሉ። ድግሱን ላልቀመሰ የሳህን አጠባ!

ከታች ወደ ላይኛው እርከን ለመውጣት የማመልከቻው ክፍያ 5,000 ዶላር ነበር። በ2023 ወደ 5 ሚሊዮን አደገ። አንድ ሺህ እጥፍ፤ የቤት ኪራይ እንኳ እንዲህ አልጨከነም።

አሁን ደግሞ የሥራ ባልደረባዎን፣ ቡድን መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስመዘግብበትን አቶ ፖርታልን፣ እናንሣ። ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ እንደምትሠሩ ጠርጥረናል። ትንሹ ቡድን ለእርስዎ ሲል ትልቁ ሜዳ ላይ ሲወጣ ምርጡን ልጁን በብሔራዊ ቴሌቪዥን ለገዢው እያሳየ ነው። ልጁ 120 ያርድ ሮጦ ቢመለስ አሰልጣኙ ይደሰታል፤ ምስኪን! በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ አሰልጣኝ ነው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ፖርታሉ በ2018 ተከፈተ። በ2021 አንድ ጊዜ ሲዛወሩ ዓመት ሳይጫወቱ መቀመጥ ቀረ፤ በ2024 ደግሞ በትምህርቱ እስካልወደቀ ድረስ ስንቴም ቢዛወር የሚከለክለው ጠፋ። የ2026ቱ መስኮት ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ነበር፤ በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት የትንሽ ቡድን አሰልጣኝ ስልኩ በጮኸ ቁጥር አጥንቱ ይርዳል።

ማስረጃ ካሻዎ የኢላይጃ ሳራትን መንገድ ይከተሉ። በ2022 በፔንሲልቬኒያ ለምትገኘው ለትንሿ ሴንት ፍራንሲስ ተጫወተ፤ በ2023 ለጄምስ ማዲሰን፤ በ2024 ደግሞ አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ወደ ኢንዲያና ሲሄድ አስከትሏቸው ከሄዱት 13 የጄምስ ማዲሰን ልጆች አንዱ ሆነ። ኢንዲያና በጃንዋሪ 2026 ማያሚን 27 ለ 21 አሸንፎ የአገሩ ሻምፒዮን ሲሆን ሳራት እዚያው ነበር። መሰላሉ ጫፍ የደረሰው ጨፈረ። ሥር ያለው እርከንስ? ሴንት ፍራንሲስ በማርች 2025 ዲቪዚዮን አንድን ትቶ የስፖርት ስኮላርሺፕ ወደማይሰጥበት ወደ ዲቪዚዮን ሦስት እንደሚወርድ አስታወቀ። ልጁን በማሳደጉ ከማንም አምስት ሳንቲም አልደረሰውም። በእኛ እግር ኳስ፣ በእግር በሚመታው፣ ተጫዋች በውል ላይ እያለ በገንዘብ ሲሸጥ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሳደጉት ክለቦች ከዋጋው አምስት በመቶ የሚካፈሉበት የፊፋ ደንብ አለ። ፊፋን በደግነት አርአያ አድርገን የምንጠቅስበት ቀን ይመጣል ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ስለ ፕሌይኦፉ ብዙ አንልም። በ2017 ዩ ሲ ኤፍ 13 ጨዋታ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ፤ ያኔ ለፕሌይኦፉ ከሚመረጡት አራት ቡድኖች ውስጥ ግን አልገባም። ቁጥሩ ወደ 12 ካደገ በኋላ ለ2025 ወቅት ሁለት ትናንሾች፣ ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን፣ ተጋበዙ። አንዱ በኦል ሚስ 41 ለ 10፣ ሌላው በኦሬጎን 51 ለ 34 ተሸነፉ፤ ወዲያው «ድሮም ማን ጠራቸው!» ተባለ። ያልተባለው፣ የቱሌኑ አሰልጣኝ ለፍሎሪዳ፣ የጄምስ ማዲሰኑ ለዩ ሲ ኤል ኤ አስቀድመው ፈርመው ቡድናቸውን ለመሰናበቻ ብቻ መምራታቸው ነው። ሻንጣው ከበር ተቀምጦ የተመራ ውጊያ ነበር።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው እርስዎን ለመክሰስ እንዳይመስልዎ። የጻፍንልዎ መቅረትዎ ስላስፈራን ነው። ኤስ ኢ ሲ ከ2026 ጀምሮ የእርስ በርስ ጨዋታውን ከስምንት ወደ ዘጠኝ ከፍ አድርጓል፤ ከቀሩት ሦስቱም አንዱ ከሌላ ትልቅ ቡድን ጋር እንዲሆን ያስገድዳል። አሥራ ስድስት ቡድን ሲባዛ በአንድ፣ በዓመት አሥራ ስድስት የውጭ ጨዋታ ተሰረዘ። ቢግ ቴን ዘጠኝ ከሆነ ቆይቷል። ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ለቲቪ ይበልጥ ይሸጣሉ፤ ለተጫዋች የሚያካፍሉት ገንዘብ ደግሞ ከየትም መቆጠብ አለበት፣ መጀመሪያ የሚቆጠበውም እርስዎ ነዎት። ሊደበድቡን የሚከፍሉን እንኳ ገንዘብ ቸገረን ሊሉ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ በሚቀጥለው ውል ላይ የሚከተለው አንቀጽ እንዲገባልን በትሕትና እንጠይቃለን፦ «ጋባዡ ቡድን ከዚህ ጨዋታ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ከተጋባዡ ተጫዋች ቢወስድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የዚህን ቼክ እኩሌታ ይከፍላል፤ አሰልጣኙን ቢወስድ ሙሉውን፤ ሁለቱንም ቢወስድ አውሮፕላኑንም ይከራያል።» ጠበቆች ይህ በነጻ የንግድ ውድድር ሕግ አያልፍም እንደሚሉ እናውቃለን። የ1984ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የቲቪውን ገበያ ለትልልቆቹ ለኦክላሆማና ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች የከፈተው በዚያው ሕግ ነበርና፣ ሕጉ ለማን ፈጥኖ እንደሚደርስ አልጠፋንም።

መምጣትዎን እየጠበቅን፣ መጠንዎን እያማን፣

ከሰላምታ ጋር
መልስ ያልተጠሩ እንግዶች

ግልባጭ፦
ለአቶ ፖርታል (መልእክተኛው ደብዳቤውን ሲያደርስ እዚያው እንዳያስቀሩብን)
ለሦስተኛው ሩብ
ለሰሜን ኢሊኖይ የሂሳብ ክፍል፣ እንዴት እንደተደረገ እንዲያስረዱን